ሰደድሁ ማለት ደረሰ ማለት አይደለም፦ የመልእክት ወረፋ በፕሮሰሶች መካከል



ዛሬ የምንነጋገረው በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ስለሚግባቡበት አንድ ዘዴ ነው፤ ስሙም የመልእክት ወረፋ ይባላል። ርእሱ ሲሰማ የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በኮምፒውተር በሚሠራ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ውጤት ከመርማሪው ተነሥቶ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ፣ ወይም ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሲገባ፣ በመካከል ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ወረፋ አለ። ወረፋው ምን እንደሚጠብቅና ምን እንደማይጠብቅ ለይቶ ያላወቀ ፕሮግራመር የሰው ውጤት የት እንደወደቀ እንኳ ሳያውቅ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ወረፋው ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም የት ላይ እምነት ሊጣልበት እንደማይገባ ላስረዳ።

ባልደረባውና ወፍጮ ቤቱ

ስርዓተ ክወና ሥራ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ፣ የራሱን የማህደረ ትውስታ ክልል አጥሮ ይሰጠዋል። አንዱ ፕሮሰስ የሌላውን ክልል ማየትም ሆነ መንካት አይችልም። አጥሩ የተሠራው ለጥበቃ ነው፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላውን ይዞ እንዳይወድቅ። ይሁን እንጂ ሥራ በተከፋፈለበት ቦታ ሁሉ መነጋገር ግድ ነው። ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲጀመር የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሙያ ነበራቸው፤ ቡድን ያደረጋቸው ግን ያዩትን እርስ በርሳቸው መነጋገራቸው ነው። ፕሮሰሶችም እንዲሁ ናቸው።

ዛሬ የሥራ ጓደኛ ለማለት የምንጠቀምበት «ባልደረባ» የሚለው ቃል በቀድሞው የቤተ መንግሥት ልማድ ሌላም ትርጉም ነበረው። ጉዳይ ይዞ ወደ ትልቅ ሰው ደጅ የመጣ እንግዳ በቀጥታ አይገባም፤ ነገሩን ወደ ውስጥ የሚያደርስለት፣ መልሱንም የሚያመጣለት ባልደረባ ይሰጠው ነበር። በኮምፒውተሩ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው የስርዓተ ክወናው እምብርት የሆነው ከርነል ነው። ላኪው መልእክቱን ለከርነሉ ይሰጣል፤ ከርነሉ በራሱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ተቀባዩም በጠየቀ ጊዜ ከከርነሉ ይረከባል።

የወረፋውን ባሕርይ ይበልጥ የሚያሳየን ግን የደጋው ወፍጮ ቤት ነው። ገብሷን በጆንያ አድርጋ የመጣች እናት ወፍጮው ሥራ ላይ ቢሆን ቆማ አትጠብቅም። ጆንያዋን በተራው አስቀምጣ ወደ ገበያዋ ትሄዳለች፤ ተራዋን ጆንያው ይጠብቅላታል። ባለወፍጮውም ባለጆንያዋ ኖረችም አልኖረችም ተራ የደረሰውን አንሥቶ ይፈጫል። ላኪና ተቀባይ በአንድ ጊዜ መገኘት አይጠበቅባቸውም ማለት ነው። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ጆንያ ለብቻው የታሰረ ስለሆነ የአንዷ እህል ከሌላዋ ጋር አይቀላቀልም።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ የመልእክት ወረፋን ከፓይፕ ይለየዋል። ፓይፕ እህሉን ሁሉ በአንድ ቦይ እንደ ማፍሰስ ነው፤ የአንዱ የት ላይ አብቅቶ የሌላው የት ላይ እንደሚጀምር ተቀባዩ ራሱ መለየት አለበት። የጋራ ማህደረ ትውስታ ደግሞ ሁለት ሰዎች በአንድ ጎተራ እንደ መጠቀም ነው። ምንም ነገር ከቦታ ቦታ ስለማይገለበጥ እጅግ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ማን መቼ እንደሚገባ የሚቆጣጠር ሴማፎር ያስፈልገዋል። የመልእክት ወረፋ በአንጻሩ መልእክቱን ሁለት ጊዜ ይገለብጣል፤ አንድ ጊዜ ከላኪው ወደ ከርነሉ፣ አንድ ጊዜ ከከርነሉ ወደ ተቀባዩ። ለዚህ የምንከፍለው ዋጋ ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ የምናገኘው ሥርዓት ነው።

ጀማሪዎች እዚህ ላይ የሚሰናከሉበት አንድ ነገር አለ። ወረፋው የሚገለብጠው ባይቶችን ብቻ ነው፤ ትርጉማቸውን አያውቅም። በመልእክቱ ውስጥ ስሙን ራሱን ሳይሆን ስሙ የተቀመጠበትን የማህደረ ትውስታ አድራሻ ከላክን፣ ያ አድራሻ በተቀባዩ ክልል ውስጥ ምንም ትርጉም የለውም፤ ወይም ሌላ ነገር ያመለክታል። ለማያውቀን ሰው «ቤቴ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነው» እንደማለት ነው፤ ጊዮርጊስ የሌለበት ከተማ የለምና። ስለዚህ በመልእክት ውስጥ የሚገባው ዕቃው ራሱ ነው እንጂ ወደ ዕቃው የሚመራው ጣት አይደለም።

ሐሳቡ ከየት መጣ

በዴንማርክ የሬኝሴሴንትራለን ባለሙያዎች አርሲ 4000 ለተባለ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1969 አንድ ስርዓተ ክወና ሠርተው ነበር። ዋናው ነዳፊ ፔር ብሪንክ ሀንሰን ሐሳቡን በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ አስረዳ። በዚያ ስርዓት ፕሮሰሶች የሚነጋገሩት በአራት ተግባራት ነበር፦ መልእክት መላክ፣ መልእክት መጠበቅ፣ መልስ መላክ፣ መልስ መጠበቅ። ለእያንዳንዱ መልእክት መልስ ይጠበቃል፤ ተቀባዩ ፕሮሰስ በሕይወት ባይኖር እንኳ ከርነሉ ራሱ ስለ እርሱ መልስ ይሰጥ ነበር። ላኪ ሳይመለስለት አይቀርም ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በዩኒክስ ዓለም የመልእክት ወረፋ በስፋት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው ሲስተም ፋይቭ አማካይነት ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ፖሲክስ የተባለው የጋራ መስፈርት ለቅጽበታዊ ሥራዎች ባወጣው ተጨማሪ ክፍል ሌላ፣ የተስተካከለ ዓይነት ደነገገ። ሊኑክስ ዛሬ ሁለቱንም ይይዛል። በሁለቱም ግን ከአርሲ 4000 አራት ተግባራት ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ መላክና መቀበል። መልሱ የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ሆነ።

ሁለቱ ወገኖች

የሲስተም ፋይቭ ወረፋ በአራት ጥሪዎች ይተዳደራል። ኤምኤስጂ-ጌት ወረፋውን ይከፍታል ወይም ይፈጥራል፤ ኤምኤስጂ-ሰንድ ይልካል፤ ኤምኤስጂ-ሪሲቭ ይቀበላል፤ ኤምኤስጂ-ኮንትሮል ደግሞ ስለ ወረፋው ሁኔታ ይጠይቃል፣ ያስተካክላል፣ ይሰርዛል። እያንዳንዱ መልእክት በግንባሩ ላይ ከዜሮ የሚበልጥ የዓይነት ቁጥር ይይዛል፤ በጆንያው ላይ እንደሚደረግ ምልክት ነው። ተቀባዩ ዜሮ ብሎ ከጠየቀ መጀመሪያ የገባውን ያገኛል። 3 ብሎ ከጠየቀ ዓይነቱ 3 ከሆነው ውስጥ መጀመሪያ የገባው ይሰጠዋል። ከዜሮ በታች 3 ብሎ ከጠየቀ ደግሞ ከ3 ከማይበልጡት ዓይነቶች መካከል ትንሹን ቁጥር የያዘው ይቀድማል። በዚህ መንገድ ቁጥሩን እንደ ቅድሚያ ማሳያ መጠቀም ይቻላል።

የፖሲክስ ወረፋ የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን በስም ነው፤ ስሙም በሕዝባር ይጀምራል። ኤምኪው-ኦፕን ይከፍተዋል፣ ኤምኪው-ሰንድ ይልካል፣ ኤምኪው-ሪሲቭ ይቀበላል፣ ኤምኪው-አንሊንክ ስሙን ያጠፋል። እዚህ ተቀባዩ አይመርጥም፤ ሁልጊዜ የሚሰጠው ከፍተኛውን ቅድሚያ የያዘው፣ ከእኩዮቹም ቀድሞ የገባው ነው። ኤምኪው-ኖቲፋይ የተባለው ጥሪ ባዶ በነበረ ወረፋ ላይ መልእክት ሲገባ ተቀባዩን ይቀሰቅሰዋል። ይህ ማንቂያ ለአንድ ፕሮሰስ ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ነው። ስለሆነም የነቃው ፕሮሰስ በቅድሚያ እንደገና መመዝገብ፣ ከዚያም ወረፋው ባዶ እስኪሆን ድረስ ማንበብ አለበት። ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መጀመሪያ አንብቦ ኋላ ከተመዘገበ፣ በሁለቱ መካከል የገባ መልእክት ማንም ሳይቀሰቅስ ይቀመጣል፤ ወረፋው ባዶ ስላልሆነም ቀጣዩ መልእክት አያነቃውም።

ቅድሚያ መስጠት ራሱ አደጋ አለው። በሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ናሙና ከተመላላሹ ይቅደም ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን የድንገተኛው ናሙና ሳያቋርጥ የሚመጣ ከሆነ፣ ዝቅተኛ ቅድሚያ የያዘው ሳይነካ ይውላል። ስርዓቱ አንዳች ስህተት አያሳይም፤ ሰውየው ግን በአግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይመሻል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጥ ሁሉ ከቆይታ ጋር ቅድሚያው እንዲያድግ ወይም ለተመላላሹ የተለየ ድርሻ እንዲኖር ማሰብ ይኖርበታል።

የወለሉ ስፋት

ወፍጮ ቤቱ ወለል አለው፤ ወለሉም ወሰን አለው። በሊኑክስ የሲስተም ፋይቭ አንድ መልእክት እንደ ነባሪ ልክ እስከ 8192 ባይት፣ አንድ ወረፋ በጠቅላላው እስከ 16384 ባይት ይይዛል። የፖሲክስ ወረፋ ደግሞ እንደ ነባሪ ልክ 10 መልእክት፣ እያንዳንዱም እስከ 8192 ባይት ነው። ልኮቹን አስተዳዳሪው ከፍ ማድረግ ይችላል።

ወለሉ ሲሞላ ምን ይሆናል? ላኪው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ቦታ እስኪገኝ ቆሞ መጠበቅ ነው፤ ይህ ነባሪው ሁኔታ ነው። ሁለተኛው «አልጠብቅም» ብሎ መላክ ነው፤ ያን ጊዜ ከርነሉ «አሁን ቦታ የለም፣ ቆይተህ ሞክር» የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል። የተመለሰውን ቁጥር ያላነበበ ፕሮግራም መልእክቱ እንደሄደ ይቆጥራል። ብዙ የጠፉ መልእክቶች የጠፉት በዚህ በር ነው።

ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚያቀርቡት ወለሉን ማስፋት ነው። ጥቂት ስሌት እንሥራ። በሰከንድ 5 መልእክት ይገባል፣ ተቀባዩ በሰከንድ 4 ይጨርሳል እንበል። በየሰከንዱ 1 መልእክት ይተርፋል። 10 መልእክት የሚይዝ ወረፋ በ10 ሰከንድ፣ 1000 የሚይዘው በ1000 ሰከንድ ይሞላል። ማስፋቱ ችግሩን ከሩብ ሰዓት ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ አቆየው እንጂ አላስወገደውም። ወረፋ የሚጠቅመው አንድ ጊዜ ሞቅ፣ አንድ ጊዜ ቀዝቀዝ ለሚል ሥራ ነው፤ በአማካይ የሚመጣው ከሚሠራው ከበለጠ ሁለተኛ ወፍጮ መትከል ያስፈልጋል። ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግም ለዚህ ይረዳናል፦ በተረጋጋ ስርዓት ውስጥ ያለው አማካይ ብዛት፣ በአማካይ የሚመጣው ፍጥነት በአማካይ ቆይታው ሲባዛ ነው። በደቂቃ 4 ናሙና የሚመጣ ከሆነና እያንዳንዱ 3 ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ፣ በአማካይ 12 ናሙና በስርዓቱ ውስጥ ይገኛል። የወለሉን ስፋት ከመገመት ይልቅ ከዚህ ስሌት ተነሥቶ፣ ለሞቅታው ጊዜ ተጨማሪ ትቶ መወሰን ይሻላል።

የሞላ ወረፋ ሌላም ወጥመድ አለው። ጥያቄና መልስ በአንድ ወረፋ ሲመላለሱ ደንበኞች ወረፋውን በጥያቄ ሊሞሉት ይችላሉ። አገልጋዩ አንድ ጥያቄ አንሥቶ መልሱን ሊያስገባ ሲል፣ ያ ቦታ ቀድሞት በሌላ ጥያቄ ተይዟል። አገልጋዩ ቦታ ይጠብቃል፤ ደንበኞቹም መልስ ወይም ቦታ ይጠብቃሉ፤ ማንም አይንቀሳቀስም። በሊማሊሞ አቀበት በጠባብ የእግር መንገድ ላይ ጭነት የያዙ ሁለት በቅሎዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ማለት ነው። ለጥያቄ አንድ፣ ለመልስ ሌላ ወረፋ ማድረግ ይህን ያቃልላል። ነገር ግን ደንበኛው መልሱን ሳያነሣ ጥያቄ ብቻ የሚያከማች ከሆነ ሁለት ወረፋም ይቆለፋል። ስለዚህ ደንበኛው ሳይመለስለት ሊልክ የሚችለው የጥያቄ ብዛት በቁጥር ይወሰን፤ የሁሉም ደንበኞች ድምር ደግሞ ከመልሱ ወረፋ አቅም አይብለጥ።

መብራት ሲጠፋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የመልእክት ወረፋ ላኪው ፕሮሰስ ቢሞት አይጠፋም፤ ተቀባዩም ገና ባይነሣ አይጠፋም። መልእክቱ በከርነሉ እጅ ነውና ይቆያል። ይህ ጥንካሬው አንዳንዶችን ያሳስታቸዋል። ከርነሉ መልእክቱን የሚያኖረው በማህደረ ትውስታ ላይ እንጂ በዲስክ ላይ አይደለም። ማሽኑ ከጠፋ ወረፋው ከነመልእክቶቹ ይጠፋል። በከተማችንም ሆነ በደጋው ወረዳዎች መብራት ሳይነግር እንደሚሄድ ለማናችሁም መንገር አያስፈልገኝም። በወፍጮ ቤቱ መብራት ሲጠፋ ጆንያው ባለበት ይቆያል፤ በኮምፒውተሩ ግን ጆንያውም አብሮ ይጠፋል። ምሳሌያችን እዚህ ላይ ያበቃል፤ ጥንቃቄያችን ደግሞ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ሁለተኛ ክፍተትም አለ። ተቀባዩ መልእክቱን ባነሣበት ቅጽበት መልእክቱ ከወረፋው ይወጣል። አንሥቶ ገና ሳይመዘግብ ቢወድቅ መልእክቱ በወረፋውም በመዝገቡም የለም። ላኪው «ተሳክቷል» የሚል ምላሽ ከከርነሉ አግኝቷል፤ ያ ምላሽ ግን «ተረክቤአለሁ» የሚል የባልደረባው ቃል እንጂ «ደርሶኛል» የሚል የባለጉዳዩ ቃል አይደለም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ልኬአለሁ ይላል፣ እውነቱን ነው። ሐኪሙ አልደረሰኝም ይላል፣ እርሱም እውነቱን ነው። በመካከል ያለው ታካሚ ግን ደሙን ዳግመኛ ይሰጣል፤ ወይም መድኃኒቱ ይዘገይበታል።

ሳልትዘር፣ ሪድና ክላርክ የተባሉ ሦስት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ ሙሉ ማረጋገጫ ሊሰጡ የሚችሉት በሁለቱ ጫፎች ያሉት ብቻ ናቸው፤ መካከለኛው ሥራውን ሊያፈጥን ይችላል እንጂ ስለ እነርሱ ሊመሰክር አይችልም። የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ይህን በወረቀት ሲሠሩበት ኖረዋል። ዕቃ በመኪና ተጭኖ ወጣ ማለት ገባ ማለት አይደለም፤ ንብረት ክፍሉ ቆጥሮ ሞዴል 19 ሲቆርጥ ነው ገባ የሚባለው። ደብዳቤም በመዝገብ ቤት የወጪ ቁጥር ሳይሰጠው አይሄድም፤ ያው ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ቢመጣ በቁጥሩ ይታወቃል።

እነዚህን ሁለት ልማዶች ወደ ፕሮግራም እንመልሳቸው። አንደኛ፣ ላኪው ለውጤቱ የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዲስክ ላይ ባለ መዝገብ «አልደረሰም» ብሎ ይጽፈዋል፤ ጽሑፉ በእርግጥ ዲስኩ ላይ መውረዱን ያረጋግጣል። ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ወረፋው ያስገባዋል። ሦስተኛ፣ ተቀባዩ አንሥቶ ቁጥሩን በራሱ መዝገብ ይፈልጋል። ከሌለ ውጤቱንና ቁጥሩን በአንድነት ይመዘግባል፤ ካለ ድጋሚ ነውና አይመዘግበውም፤ በሁለቱም ጊዜ ግን ደረሰኝ በሌላ ወረፋ ይልካል። አራተኛ፣ ላኪው ደረሰኙ ሲመጣ መዝገቡን «ደርሷል» ብሎ ያርማል። አምስተኛ፣ በተወሰነ ጊዜ ደረሰኝ ካልመጣ፣ ወይም ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ፣ «አልደረሰም» የሚለውን ሁሉ እንደገና ይልካል።

አሁን መብራቱን በየትኛውም ቅጽበት አጥፉት። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት ቢጠፋ ባለሙያው «ተመዝግቧል» የሚል ቃል ስላላየ ደግሞ ያስገባል። በወረፋው ውስጥ ሳለ ቢጠፋ መዝገቡ አለ፤ ዳግመኛ ይላካል። ተቀባዩ ካነሣ በኋላ፣ ሳይመዘግብ ቢጠፋም እንዲሁ። ተመዝግቦ ደረሰኙ መንገድ ላይ ሳለ ቢጠፋ ዳግመኛ ይላካል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ስለሚታወቅ ሁለት ጊዜ አይመዘገብም። ዲስኩ ራሱ ካልተበላሸ በቀር ውጤቱ አይጠፋም፣ አይደገምምም። ወረፋውን አልቀየርነውም፤ ያልሰጠንን ነገር ከእርሱ መጠበቅ አቆምን እንጂ።

የት እንጠቀምበት

የመልእክት ወረፋ በአንድ ማሽን ውስጥ አጫጭር፣ የተወሰነ መጠን ያላቸው ትእዛዞችንና ማስታወቂያዎችን ለማመላለስ ተስማሚ ነው። ትልልቅ የራጅ ምስሎችን በእርሱ አትጫኑ፤ ምስሉን በፋይል አስቀምጡና የፋይሉን ስም ላኩ። ፈቃዱንም አትርሱ። ለሁሉም ክፍት ሆኖ የተፈጠረ ወረፋ በማሽኑ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ የታካሚን ምስጢር አንሥቶ እንዲወስድ በር ይከፍታል፤ ለባለቤቱ ብቻ መፍቀድ መነሻችሁ ይሁን። የተረሱ የሲስተም ፋይቭ ወረፋዎችንም አይፒሲኤስ በተባለው ትእዛዝ ዝርዝራቸውን አይታችሁ፣ አይፒሲ-አርኤም በተባለው አጽዱ።

ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀን ደባርቅ ወደ ጎንደር፣ ይህ ወረፋ አይደርስም። ለዚያ ሶኬት ወይም እንደ ራቢትኤምኪውና ካፍካ ያሉ የመልእክት አመላላሾች አሉ። እነርሱ መልእክትን በዲስክ ማኖርና ደረሰኝ መቀበል ይችላሉ። ሆኖም አመላላሹ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ ውጤቱ በሐኪሙ መዝገብ ላይ መስፈሩን የሚያውቀው የሐኪሙ ፕሮግራም ብቻ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ሙከራ ሁለት ፕሮሰሶች ጻፉ፤ አንዱ ይላክ፣ ሌላው ይቀበል። ከተሳካላችሁ በኋላ ተቀባዩን በሥራው መካከል ግደሉት፤ ቀጥሎም ማሽኑን አጥፍታችሁ አስነሡት፤ የላካችሁትንና የተመዘገበውን ቁጠሩ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል እስኪሆኑ ድረስ ሥራችሁ አላለቀም።

 ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ አለን።